ክብራን ወይስ ዳጋ?

ባሕር ዳር አንድ ቀን ብቻ ካላችሁ ይህ ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም። ሁለቱም የጣና ደሴቶች ናቸው፤ በሁለቱም ላይ የሚኖሩት መነኮሳት ናቸው።

ክብራን ገብርኤል ለከተማዋ ቅርብ ነው። በሞተር ጀልባ ግማሽ ሰዓት ገደማ ተጉዛችሁ፣ ክቡን ቤተ ክርስቲያንና የብራና መጻሕፍቱን አይታችሁ ለምሳ ትመለሳላችሁ።

ዳጋ እስጢፋኖስ ግን ሩቅ ነው፤ ከደቅ ደሴት አጠገብ፣ ሐይቁ መሃል። መንገዱ ሰዓታት ይወስዳል፤ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ስለሚነሣና ማዕበሉ ስለሚበረታ በማለዳ መነሣት ግድ ነው። ዛፍ በለበሰው ኮረብታ አናት ላይ የነገሥታቱ አፅም አለ፦ ዐፄ ዳዊት፣ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ፣ ጎንደርን የቆረቆሩት ዐፄ ፋሲልም። ታሪካቸውን ካነበባችኋቸው ነገሥታት አስከሬን ፊት ዝም ብሎ መቆም ሌላ ነገር ነው። እኔ ዳጋን እመርጣለሁ፤ ድካሙ አያስቆጭም።

ሴቶች ግን ወደ ሁለቱም አይገቡም። ከእናት ወይም ከእህት ጋር ከሆናችሁ ከክብራን አጠገብ ያለችው እንጦስ ኢየሱስ ትቀበላችኋለች።