ኦድስ ኦራክል ለአነስተኛ ገንዘብ ኦማሃ፦ እጅ ያመዛዝናል፣ «ግባ» ወይም «ውጣ» አይልም

ሆልደም (ሁለት ካርታ በእጅ የሚያዝበትን የፖከር ዓይነት) ለምዶ ወደ ፖት ሊሚት ኦማሃ (አራት ካርታ የሚያዝበትና ውርርዱ መሃል ከተጠራቀመው ገንዘብ፣ ከፖቱ፣ የማይበልጥበት ዓይነት) የዞረ ሰው አራት ካርታ ሲደርሰው አራቱም ያምሩታል። አንድ ጥንድ፣ ሁለት ልብ፣ አንድ ኪንግ... ሰበብ አይጠፋም። የፕሮፖከርቱልስ ኦድስ ኦራክል የሚባለው የኮምፒውተር ፕሮግራም ይህን ማማር በቁጥር ለመፈተሽ ጥሩ መሣሪያ ነው። የትኛው እጅ ከየትኛው እንደሚሻል ይናገራል። «በዚህ እጅ ልግባ?» ለሚለው ግን መልስ የለውም፤ እንዳለው አድርጎ የሚጠቀምበት ሰው ኪሱ ይጎዳል።

አጻጻፉ መጀመሪያ ያስቸግራል። ካርታዎቹ በእንግሊዝኛ ምልክታቸው ይገባሉ። ሁለት ኤ ብቻ ከጻፉ ፕሮግራሙ «ሁለት አስ ያለበት ማንኛውም እጅ» ብሎ ይወስደውና ቀሪዎቹን ሁለት ካርታዎች በዕጣ ይሞላል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ ደካማ የአስ ጥንድ ሊፈትሽ አስቦ የጥሩውንም የመጥፎውንም አማካይ ያነባል። የዶላር ምልክት፣ ከዚያ ዲ እና ኤስ ቢያስከትሉ ደብል ሱትድ የሆኑት ብቻ፣ ማለትም ሁለቱ ካርታ አንድ ምልክት ሁለቱ ሌላ ምልክት የያዙት (ለምሳሌ ሁለት ልብና ሁለት ስፔድ) ይቀራሉ። ኮማ «ወይም»፣ ሁለት ነጥብ «እና»፣ ቃለ አጋኖ ደግሞ «ከእነዚህ በስተቀር» ማለት ነው። ስለዚህ «ከላይኛው 15 በመቶ፣ አስ ጥንዶቹ ሲቀነሱ» የሚባል ተጋጣሚ በአንድ አጭር መስመር ይጻፋል።

ፕሮግራሙ ዋጋውን የሚያወጣው አንድ ነገር ብቻ እየቀየሩ ሲያወዳድሩበት ነው። ጃክ፣ 10፣ 9፣ 8 ይውሰዱ። መጀመሪያ አራቱም የተለያየ ምልክት፣ ቀጥሎ ሁለቱ አንድ ምልክት፣ ከዚያ ደብል ሱትድ አድርገው ይሞክሩ። በመጨረሻ 8ን አውጥተው 2 ይተኩ። ኦማሃ ከእጅ በትክክል ሁለት፣ ከጠረጴዛ ሦስት ካርታ መጠቀም ስለሚያስገድድ አራት ካርታ ስድስት ጥምረት ይሰጣል። ከሌሎቹ ጋር የማትገጥም አንዲት ካርታ ስትገባ የሚሠሩት ጥምረቶች ሦስት ብቻ ይሆናሉ። ክፍያው ግን ያው ሙሉ ነው።

ምልክትም እንደዚሁ። ከአራቱ ሁለቱ ልብ ከሆኑ ፍሎፑ (ጠረጴዛ ላይ መጀመሪያ የሚገለጡት ሦስት ካርታዎች) በትክክል ሁለት ልብ አምጥቶ ለፍላሽ (አንድ ምልክት ላላቸው አምስት ካርታዎች) አንድ ልብ ብቻ የሚያስቀረው 11.8 በመቶ ጊዜ ነው፤ ደብል ሱትድ ሲሆን ከሁለት አንዱን ምልክት እንዲህ የማግኘት ዕድል 23.5 በመቶ ይደርሳል። ሦስት ልብ መያዝ ቁጥሩን ወደ 9.9፣ አራት ልብ ወደ 8.1 ያወርደዋል፤ የሚጠብቁትን ካርታ ራስዎ ይዘውታልና። ጀማሪ አራት ልብ አይቶ ደስ ሲለው ማየት የተለመደ ነው። ሦስት አስ የያዘም ከዚህ አይሻልም፦ የቀረችው አንዲት አስ ብቻ ናት።

ቁጥሩ ማታለል የሚጀምረው ከዚህ ቀጥሎ ነው። ጃክ፣ 10፣ 7፣ 6 ይዘው ፍሎፑ 9፣ 8፣ 2 ቢሆን ስትሬት (አምስት ተከታታይ ካርታ) የሚያሟሉልዎ ካርታዎች 20 ናቸው። በሆልደም ሁለቱም ጫፍ ክፍት የሆነ ስትሬት 8 ብቻ አለው። ነገር ግን ከ20ዎቹ 6ቱ፣ ማለትም ቀሪዎቹ 10ሮችና ጃኮች፣ ኩዊን ጃክ ወይም ኩዊን 10 ለያዘ ሰው የበለጠ ስትሬት ይሰጡታል። ሁለት ሰው ብቻ ቢጋጠም ይህ ብዙም አይታይ። አራት አምስት ሰው ፍሎፕ በሚያይበት ርካሽ ጠረጴዛ ግን ገንዘብ የሚፈሰው በዚሁ ቀዳዳ ነው። በዚያ ላይ በሌላ ሰው ከፍ ያለ ፍላሽ የሚሸነፍ ሁለተኛ ደረጃ ፍላሽ አለ። ስለዚህ ተጋጣሚውን አንድ ብቻ አድርጎ መተው ዋና ስሕተት ነው። ቢያንስ አራት ወንበር ይሙሉ፤ ለእያንዳንዱም ሰፋ ያለ እጅ፣ ለምሳሌ የላይኛውን 60 በመቶ ይስጡ። ክፍተት ያላቸውን ተከታታይ እጆች ሲያወዳድሩም ክፍተቱ ታች ያለው፣ እንደ ጃክ፣ 10፣ 9፣ 7፣ ላይ ካለው ከጃክ፣ 9፣ 8፣ 7 ይመረጣል፤ ከፍተኛውን ስትሬት የመሥራት ዕድሉ ይበልጣል።

ሌላው ድክመት ፕሮግራሙ ገንዘቡ ሁሉ ከፍሎፕ በፊት እንደገባ አድርጎ ማስላቱ ነው። የአስ ጥንድ ከ39 እጅ አንዴ ገደማ ይመጣል። አስ፣ አስ፣ 7፣ 2 ሁሉም የተለያየ ምልክት ሆኖ ደብል ሱትድ ከሆነ ጃክ፣ 10፣ 9፣ 8 ጋር ሲጋጠም ፍልሚያው ወደ ግማሽ በግማሽ ይጠጋል። በፖት ሊሚት ደግሞ ብዙ ጊዜ ያለዎትን ሁሉ በአንድ ውርርድ ማስገባት አይቻልም። ብላይንዱ (ሁለት ተጫዋቾች ካርታ ሳያዩ በግዴታ የሚያስቀምጡት ገንዘብ) 1 እና 2 ዶላር ከሆነ የመጀመሪያው ሙሉ ሬይዝ (ውርርዱን ከፍ ማድረጊያ) 7 ዶላር ነው። ከብላይንዶቹ ውጭ ሦስት ሰው ቢከተል ፖቱ 31 ይሆናል፤ 200 ዶላር ይዞ የተቀመጠ ሰው 193 ቀርቶታል። ሦስተኛ አስ ፍሎፕ ላይ የሚወጣው 12 በመቶ ጊዜ ብቻ ነው። የቀረውን 88 በመቶ በባዶ ጥንድ፣ በሦስት ሰው ፊት፣ ምናልባትም ቀድሞ መናገር ግዴታ በሆነበት ወንበር እንዴት እንደሚጫወቱት ኦራክሉ አያውቅም። ቤቱ ከየፖቱ የሚቆርጠውንም አይቀንስም፤ በትንሽ ገንዘብ ጠረጴዛ ደግሞ ያ ቀላል አይደለም።

የፕሮግራሙ የራሱ መጠይቅ ቋንቋ «ይህ እጅ ፍሎፕ ላይ ምን ያህል ጊዜ እንዲህ ይሆናል?» ብሎ ለመጠየቅ ያስችላል። ከሁሉ የተሻለው ክፍሉ ይህ ቢሆንም መማሩ ትዕግሥት ይፈልጋል። ሁለት እጆችን ብቻ ፊት ለፊት ለማጋጠም ለሚፈልግ ሰው በየድረ ገጹ ያሉት ነፃ ማስሊያዎች ይበቁታል። ከ5 ኮከብ 4፤ አንዷ የቀረችው በአጻጻፉ ምክንያት ነው። ብዙ የኢንተርኔት ፖከር ቤቶች ጨዋታ ላይ እያሉ ረዳት ፕሮግራም መጠቀምን ስለሚከለክሉ፣ ከመቀመጥዎ በፊት ወይም ከተነሡ በኋላ ብቻ ይክፈቱት።