ጩኸት እንጂ ቤዝ የሌለበት ቴክኖ ክለብ

ዲጄው ጥፋት የለበትም። ምርጫውም ሆነ ዘፈን ከዘፈን አገጣጠሙ ደህና ነበር፤ ሌሊቱን ያበላሸው የክለቡ አዳራሽና የድምፅ ዝግጅቱ ነው። ቴክኖ፣ ማለትም በማሽን የሚሠራው የዳንስ ሙዚቃ፣ ደግሞ የቤትን ጉድ አይሸሽግም።

ሳብውፈሮቹ፣ ማለትም ቤዝ የሚባለውን ወፍራም ድምፅ የሚያወጡት ስፒከሮች፣ ከዲጄው ግራና ቀኝ፣ ስምንት ሜትር ያህል ተራርቀው ተደርድረዋል። ለፎቶ ያምራል፤ ለጆሮ ግን መዘዝ ነው። እንደ ሮላንድ ቲአር-909 ያለ የከበሮ ማሽን የሚያወጣው ኪክ (ወፍራሙ የከበሮ ምት) ክብደቱ 50 ኸርዝ፣ ማለትም በሰከንድ 50 ንዝረት፣ አካባቢ ነው፤ የዚህ ድምፅ አንድ ሞገድ ወደ 7 ሜትር ይረዝማል። ከቆሙበት እስከ ሁለቱ ሳብውፈሮች ያለው ርቀት በግማሽ ሞገድ፣ ማለትም በ3.5 ሜትር ገደማ ከተበላለጠ አንዱ አየሩን ሲገፋ ሌላው ይስበውና ይጣፋሉ። ስለዚህ መሀል ለመሀል ባለችው ጠባብ መስመር ላይ የሱሪ ጫፍ ሳይቀር ይንቀጠቀጣል፤ አራት አምስት እርምጃ ወደ ጎን ፈቀቅ ሲሉ ግን ኪኩ ካርቶን በጣት የመቱት ያህል ይቀጥናል። አዲስ ዕቃ መግዛት እንኳን አያስፈልግም ነበር፤ ሁሉንም ሰብስቦ መሀል ላይ አጠጋግቶ መደርደር ይበቃል።

ቤዝ ሲጠፋ ድምፅ ይጨመራል። ከእኩለ ሌሊት በኋላ የሚክሰሩ፣ ማለትም የዲጄው ድምፅ ማደባለቂያ፣ መብራቶች ከቀይ አልወረዱም። ቀይ ማለት የሞገዱ ጫፍ እየተቆረጠ ነው ማለት ነው። ስፒከሩን ከመቃጠል የሚጠብቀው ሊሚተርም ይነቃና የኪኩን የመጀመሪያ ጡጫ ይጨፈልቀዋል። ምቱ ለሰለሰ፣ ሃይሃቱ (ቀጭኑ የጸናጽል ድምፅ) ግን እንደ ምላጭ ሰላ።

ባሩ አጠገብ የተሰቀሉት ተጨማሪ ስፒከሮች ሌላ ጣጣ ናቸው። ከዋናዎቹ 15 ሜትር ያህል ይርቃሉ፤ ድምፅ ይህን ርቀት ለመሄድ 44 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል። የኋለኞቹ በዚያው ልክ እንዲዘገዩ አልተደረገም። እዚያ የቆመ ሰው በሙዚቃው ውስጥ ያለውን አንዱን የጭብጨባ ድምፅ ሁለት ጊዜ ይሰማል፦ «ጠጠ፣ ጠጠ»። የድምፅ ፕሮሰሰሩ ላይ አንድ የማዘግያ ቁጥር ማስገባት እንዴት ይከብዳል?

አዳራሹ ዙሪያውን ባዶ ኮንክሪት ስለሆነ ድምፁ እያስተጋባ ይቆያል። ሙዚቃው በደቂቃ 140 ምት ሲሄድ በሁለት ኪኮች መካከል ያለው ጊዜ 0.43 ሰከንድ ብቻ ነው፤ የቀደመው ሳይጠፋ አዲሱ ይደርስበታል። ሰው ሲሞላ ቀጭኑ ድምፅ ትንሽ ረገበ፣ ምክንያቱም ሰውነትና ልብስ እሱን ይውጣሉ። ወፍራሙን ግን አይነኩትም፤ መጋረጃም ቢሰቀል ያው ነው። ጥግ ጥጉ ላይ የሚቀመጥ ወፍራም ድምፅ መጣጭ ያስፈልገዋል።

መብራቱ ደህና፣ ጭሱ ልክ። ማረፊያ ክፍሉ ግን ለስሙ ነው፤ እዚያም ስፒከር ተሰቅሏል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው መስፈርት እንዲህ ያሉ ቤቶች በ15 ደቂቃ አማካይ ከ100 ዴሲቤል እንዳያልፉ፣ የጆሮ መከላከያና ጸጥ ያለ ማረፊያም እንዲያዘጋጁ ይመክራል። እዚህ በሩ ላይ መከላከያ የሚሰጥ የለም።

መሄድ ግድ ከሆነ ከዲጄው ትይዩ መሀሉን መስመር ይያዙ፤ ከኋለኞቹ ስፒከሮችና ከጥግ ይራቁ። የጆሮ መከላከያም ይዘው ይሂዱ፤ የስፖንጁ ዓይነት ቀጭኑን ድምፅ ይበላዋልና ለሙዚቃ ተብሎ የተሠራው፣ ማጣሪያ ያለው ይሻላል።