የአጎቴን ሸክላዎች ከሣጥን ያወጣልኝ ማጫወቻ

አጎቴ ቤት፣ መኝታ ክፍሉ ውስጥ፣ ከቁም ሣጥኑ ሥር የተቀመጠ የቢራ ሣጥን አለ። ውስጡ 61 የሙዚቃ ሸክላ አለ። ሁሉም ትናንሾቹ፣ ባለ 45 ዙሮቹ፣ ማለትም በደቂቃ 45 ጊዜ የሚዞሩት ናቸው። ልጅ እያለን ሣጥኑን መንካት ክልክል ነበር። ካደግን በኋላ ደግሞ የሚነካውም ጠፋ፤ ሸክላ የሚያጫውተው ራዲዮግራሙ ከተበላሸ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል፣ አጎቴም ለጥገና ሰጥቶት በዚያው ቀረ። ሸክላዎቹ ግን አሉ። ዓለማየሁ እሸቴ፣ ብዙነሽ በቀለ፣ ግርማ በየነ፣ ማህሙድ አህመድ፣ ሂሩት በቀለ፣ ደግሞም ስማቸውን ከአጎቴ አፍ ካልሆነ የትም ሰምቼ የማላውቃቸው ሁለት ሦስት ድምፃውያን።

ዛሬ የምጽፈው እነዚህን ሸክላዎች ለማጫወትና ለወዳጅ ለማካፈል ስለገዛሁት ማጫወቻ ነው። ኦዲዮ-ቴክኒካ ኤቲ-ኤልፒ60ኤክስ-ዩኤስቢ ይባላል። ስምንት ወር ተጠቅሜበታለሁ። እንደኔ ዓይነት ሣጥን ቤቱ ያለ ሰው ብዙ ስለሆነ፣ የተማርኩትን በሙሉ ልጻፈው።

መጀመሪያ ግን ስለ ስህተቴ። ከዚህ በፊት በሻንጣ መልክ የተሠራ፣ ክዳኑ ሲከፈት ስፒከሩ አብሮት ያለ፣ ርካሽ ማጫወቻ ገዝቼ ነበር። ስሙን አልጠራም። ያማረ ነገር ነው፣ ፎቶ ላይ ያምራል። ክንዱ ግን ከብዶ ነው የሚጫነው፣ መርፌውም ሻካራ ነው። ከአጎቴ ሸክላዎች አንዷን አስቀመጥኩ፤ ሳክስፎኑ ገብቶ ሊያምርበት ሲል መርፌው ዘለለ፣ ተመለሰ፣ እንደገና ዘለለ። አጎቴ ምንም አላለኝም። ተነስቶ ሸክላዋን በሁለት መዳፉ ጠርዟን ይዞ አነሳት፣ ወደ ወረቀቷ መለሳት፣ ሣጥኑንም ይዞት ሄደ። ሁለት ወር ያህል አላሳየኝም።

ኦዲዮ-ቴክኒካው ከአሜሪካ በመጣ ዘመድ በኩል ነው የደረሰኝ። ዋጋው ያኔ እዚያ ከ200 ዶላር ወዲህ ወዲያ ነበር። ካርቶኑን ስትከፍቱ ትንሽ ሥራ አለባችሁ፤ የአሉሚኒየሙን ሳህን ታስቀምጣላችሁ፣ ቺንጋውን፣ ማለትም ሳህኑን የሚያዞረውን ላስቲክ፣ በሞተሩ መዘውር ላይ ታስገባላችሁ። አሥር ደቂቃ አይፈጅም። ከዚያ በኋላ ሁሉንም ራሱ ነው የሚሠራው። ቁልፉን ስትጫኑ ክንዱ ይነሳል፣ ሸክላው ጫፍ ላይ ይሄዳል፣ ቀስ ብሎ ይወርዳል፤ ዘፈኑ ሲያልቅ ተነስቶ ወደ ቦታው ይመለሳል። እጁ ለሚንቀጠቀጥ ሽማግሌ ይህ ትልቅ ነገር ነው። አጎቴ 78 ዓመቱ ነው፣ አሁን ያለእኔ ብቻውን ያጫውታል።

አንድ ነገር ግን አደራ። ማጫወቻው ላይ የሸክላ መጠን መምረጫ አለ፤ አንዱ ለትልቁ፣ አንዱ ለትንሹ። 45ቷን አስቀምጣችሁ መምረጫውን ትልቁ ላይ ከተዋችሁት፣ ክንዱ ሸክላ በሌለበት ቦታ ይወርዳል፣ መርፌው የሳህኑ ምንጣፍ ላይ ያርፋል። ፍጥነቱንም እንደዚሁ፣ 33 ላይ ከሆነ ወደ 45 መልሱት። ብዙነሽ በ33 ስትዘፍን ወንድ ነው የምትመስለው። የመሃል ቀዳዳቸው ሰፊ ለሆኑት ሸክላዎች የምታስገቡት ክብ ነገርም አብሮ ይመጣል። አትጣሉት፣ እዚህ ሀገር ሌላ አታገኙም።

የመርፌው ጫፍ ድብልብል ነው። ስለ ሸክላ የሚያወሩ ሰዎች ይህን እንደ ድክመት ያዩታል፣ ለአዲስ ሸክላ እውነታቸውን ሊሆን ይችላል። ለእኛ ሸክላዎች ግን ተስማምቶኛል። እነዚህ ሸክላዎች ግብዣ ላይ ጨፍረውባቸዋል፣ ከእጅ እጅ ዞረዋል፣ መቶ ጊዜ ተጫውተዋል። በጣም የተበሉት ሳይቀሩ፣ አቧራቸው ከታጠበ በኋላ፣ ሳይዘሉ እስከ መጨረሻው ይሄዳሉ።

አጠባቡ ከባድ አይደለም። የተጣራ ውኃ፣ አንዲት ጠብታ የሳህን ሳሙና፣ ለስላሳ ጨርቅ። መሃል ያለው ወረቀት እንዳይነካው ጠንቀቅ ማለት ነው፣ ምክንያቱም የዘፋኙ ስምና የአሳታሚው ምልክት ያለው እዚያ ላይ ነው። ክቡን ተከትላችሁ ጥረጉ፣ አቋርጣችሁ አትጥረጉ። ከዚያ በጥላ ይደርቅ። ከመታጠቡ በፊትና በኋላ ያለው ልዩነት የሁለት የተለያየ ሸክላ ያህል ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ይህ ማጫወቻ ከኋላው የዩኤስቢ ገመድ መሰኪያ አለው። ላፕቶፕ ላይ ትሰኩታላችሁ፣ ኦዳሲቲ የሚባለውን ነጻ ፕሮግራም ትከፍታላችሁ፣ ዘፈኑ ይቀዳል። የገዛሁት ለዚህ ነው። ድምፁን ስትቀዱ ከፍ አድርጋችሁ አትቅዱ፣ ከላይ ቦታ ተዉለት፤ አለዚያ ትራምፔቶቹ አንድ ላይ ሲገቡ ድምፁ ይሰበራል። ከአጎቴ ሸክላዎች አብዛኞቹ በሁለቱም ጆሮ አንድ ዓይነት ናቸው፣ ሞኖ ማለት ነው። ስለዚህ ከተቀዳ በኋላ ፕሮግራሙ ላይ ሁለቱን መስመር ወደ አንድ አዋህዱት። ይህን ማንም አልነገረኝም ነበር፣ ሳደርገው ግን የሻካራው ድምፅ ጉልህ ክፍል ብን ብሎ ጠፋ። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ዘፈኑ በሁለቱም መስመር አንድ ሲሆን፣ ከአቧራና ከጭረት የሚመጣው ድምፅ ግን በከፊል በሁለቱ መስመር ተቃራኒ ስለሆነ፣ ሲደመሩ ያ ክፍል እርስ በርሱ ይጠፋፋል።

ፕሮግራሙ ጠቅታ የሚያጠፋ መሣሪያም አለው። በጣም በትንሹ ተጠቀሙበት። እኔ መጀመሪያ ላይ ደስ ብሎኝ አብዝቼው ነበር፤ ስሰማው ጭብጨባው የለም። ፕሮግራሙ ጭብጨባውን ጭረት መስሎት በልቶታል! ያን ዘመን የተቀረጸ ሙዚቃ ላይ ጭብጨባውን ካወጣችሁ ጭፈራውን አወጣችሁት ማለት ነው። ትንሽ ጠቅ ጠቅ ቢል ይበል።

ለማያውቀው ሰው ስለ ሸክላዎቹ ትንሽ ላውጋ፣ ለምን እንዲህ እንደምንሳሳላቸው እንዲገባው። በጃንሆይ ጊዜ ሸክላ የማሳተም መብት የሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ነበር። በ1961 ግድም፣ በፈረንጆቹ 1969 መሆኑ ነው፣ አምሃ እሸቴ የሚባል ገና ሃያዎቹን ያላገባደደ የሙዚቃ ሱቅ ባለቤት ክልከላውን ደፍሮ በራሱ ስም ማሳተም ጀመረ። መጀመሪያ ያሳተመው ዓለማየሁ እሸቴን ነው። አምሃ ሪከርድስ እስከ 1967 ድረስ 103 ትናንሽና 12 ትልልቅ ሸክላዎች አወጣ። ከዚያ ካይፋ ሪከርድስ አለ፣ ፊሊፕስም እዚሁ ያሳትም ነበር። በአጭሩ፣ ይህ ሁሉ ሙዚቃ አሥር ዓመት በማይሞላ ጊዜ ውስጥ የተሠራ ነው። ደርግ መጣ፣ ሰዓት እላፊ መጣ፣ የሌሊቱ ጭፈራ ቆመ፣ ሸክላውንም ካሴት ተካው። አምሃ በሚያዝያ 2013 አረፈ፣ ዓለማየሁ በነሐሴ በዚያው ዓመት ተከተለው።

የቀሩት ሸክላዎች ደግሞ እንደ አጎቴ ሣጥን በየቤቱ ተበትነዋል። የአንዱ ቤት ያለው ሌላው ቤት የለም። ለዚህ ነው መቅዳቱ ብቻውን የማይበቃው፣ መለዋወጥ ያስፈልጋል።

እኛ የምናደርገው እንዲህ ነው። በአሥራ አምስት ቀን አንዴ፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ስድስት ሰባት ሰው አጎቴ ቤት እንሰበሰባለን። ቡና ይፈላል። እያንዳንዱ ሰው አንድ ሸክላ ይዞ ይመጣል፣ ወይም ከቤተሰቡ ሣጥን ተበድሮ ያመጣል። እያንዳንዷ ሸክላ ሁለት ጊዜ ትሰማለች። በመጀመሪያው ማንም አያወራም። በሁለተኛው የፈለገ ያወራል፣ የፈለገ ይነሳል ይጨፍራል። ከዚያ ላፕቶፑ ላይ ትቀዳለች፣ ባለቤቷ ሸክላውን ይዞ ይሄዳል፣ ቅጂው ለሁላችንም በፍላሽ ይደርሰናል። ስንልክም እንደ ፋይል ነው የምንልከው፤ ስልክ ስፒከሩ አጠገብ አስጠግቶ በድምፅ መልእክት መላክ ለዚህ ሙዚቃ ግፍ ነው።

ከመሃላችን አንዱ የሶል፣ ማለትም የጥቁር አሜሪካውያንን ሙዚቃ ሸክላ ይሰበስባል። ኦቲስ ሬዲንግ፣ ዊልሰን ፒኬት፣ ጀምስ ብራውን። አንድ ቅዳሜ የጀምስ ብራውንን አንድ 45 አጫወተና ወዲያው ከሥሩ ዓለማየሁን አስከተለ። ሰው ዓለማየሁን የኢትዮጵያ ጀምስ ብራውን ሲለው ስሰማ ነው ያደግሁት፣ ግን እንዲህ ጎን ለጎን ሰምቼው አላውቅም ነበር። የትንፋሽ መሣሪያዎቹ አንድ ናቸው፣ አጭር አጭር፣ እንደ ጡጫ። ጩኸቱም አንድ ነው። ከዚያ ዜማው ሲመጣ ግን መንገዱ ይለያያል፤ የእኛው በቅኝቱ ይሄዳል፣ ትዝታ ወይ አንቺ ሆዬ ላይ ይጠመዘዛል፣ አሜሪካኖቹ የማይረግጡትን ቦታ ይረግጣል። አጎቴ ያኔ ነው ስለ አስመራ ያወራን። ወጣት እያለ እዚያ ሠርቷል፣ ቃኘው የአሜሪካኖቹ ጦር ሰፈር የነበረበት ጊዜ፣ ሬዲዮውን በማታ ይሰሙ እንደነበር። «እነሱ ያጫወቱትን ሌሊት እንሰማለን፣ ጠዋት ሥራ ቦታ እናፏጨዋለን» አለን። በስድሳ ዓመት ውስጥ ይህን አውርቶልኝ አያውቅም ነበር፤ ያቺ ሸክላ ነች ያስወራችው።

ጎረቤቱ ያሉ እትዬም አሉ። ድምፁን ሰምተው በሩ ላይ ቆሙ፣ ግቡ አልናቸው፣ አልገቡም። የብዙነሽ ዘፈን እስኪያልቅ በሩን ተደግፈው ሰሙና «ይቺ ያለችው ማን ቤት ነው? ድገሟት» አሉ። ደገምናት። በሚቀጥለው ቅዳሜ በነጠላቸው ጠቅልለው አራት ሸክላ ይዘው መጡ። ከአራቱ ሁለቱን አጎቴ እንኳን አያውቃቸውም ነበር።

አንድ ደንብ አለን፣ ይህንንም ብትይዙት ደስ ይለኛል። እንደገና ታትሞ የሚሸጥ ሙዚቃ አንቀዳም፣ እንገዛለን። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ በፈረንጆቹ 1997 የጀመረው «ኢትዮፒክስ» የሚባለው ተከታታይ የሙዚቃ አልበም ዛሬ ከ30 በላይ ደርሷል፤ ቁጥር 9 ዓለማየሁ ነው፣ ቁጥር 4 ሙላቱ አስታጥቄ። ግርማ በየነ እንኳን ከስንት ዓመት ዝምታ በኋላ በፈረንጆቹ 2017 በቁጥር 30 ተመልሶ ዘፍኗል። እዚያ ያለውን ግዙ፣ በሕይወት ያሉ ባለሙያዎች አሉ፣ ያረፉትም ቤተሰቦቻቸው አሉ። የምንለዋወጠው የትም የማይገኘውን ነው።

ወደ ማጫወቻው ልመለስ፣ ጉድለቱንም ልናገር። የክንዱን ክብደት ማስተካከል አይቻልም፣ ከፋብሪካ እንደመጣ ነው። የተጣመመ ሸክላ ሲያጋጥም የምታደርጉት ነገር የለም። ባለ 78 ዙሮቹን፣ ከ45ቱ የሚቀድሙትን ከባዶቹን፣ አያጫውትም፤ እነዚያ ያሏችሁ ከሆነ ይህን አትግዙ። የራሱ ስፒከር የለውም። ማጉያ ውስጡ ስላለ ግን ከኋላ ያለውን መምረጫ «ላይን» ላይ አድርጋችሁ ማንኛውም የራሱ ኃይል ያለው ስፒከር ላይ መሰካት ትችላላችሁ። ቀላል ስለሆነ የወለል ንዝረት ይሰማዋል። የአጎቴ ቤት ወለል ጣውላ ነው፣ ሰው ሲጨፍር መርፌው ይረበሻል፤ ግድግዳው ላይ መደርደሪያ መትተን እዚያ ሰቀልነው፣ ችግሩ አለቀ።

መርፌው ይለወጣል፣ በእጅ ተስቦ ይወጣል፣ ዋጋውም ርካሽ ነው። እዚህ ግን ፈልጌ አላገኘሁም። ስለዚህ የምታስመጡ ከሆነ ማጫወቻውን ስታዝዙ ሁለት ትርፍ መርፌ አብራችሁ እዘዙ። ከመሰካታችሁ በፊትም የመብራት አስማሚው ላይ የተጻፈውን ቮልት አንብቡ። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ሳህኑ ይቆማል፣ መርፌው ሸክላው ላይ እንዳለ ይቀራል። ሸክላውን ከሥሩ አትጎትቱ፣ ክንዱን ቀስ አድርጋችሁ አንሱ።

ለማን ይሆናል? ድምፅ ላይ የሚራቀቅ፣ ብዙ ገንዘብ ለማውጣት የተዘጋጀ ሰው የተሻለ ያገኛል። እንደኔ ቤቱ ያለውን ሣጥን ከፍቶ መስማት፣ መቅዳትና ለወዳጁ መስጠት ለሚፈልግ ግን ያለማንገራገር ግዙት እላለሁ። ከአምስት ኮከብ አራት ተኩል እሰጠዋለሁ። ግማሿን የቀነስኩት ለተጣመሙት ሸክላዎች ነው።

ከ61ዱ 52ቱን ቀድተናል። ሦስቱ ተሰንጥቀዋል። አምስቱ ተጣመዋል፣ በሁለት ወፍራም መስተዋት መሃል ተጭነው ቁም ሣጥኑ ላይ ተቀምጠዋል፣ በየሳምንቱ እያነሳሁ አያቸዋለሁ። አንዷ ግን መሃሏ ያለው ወረቀት ተልጧል፣ ስም የላትም። ባለፈው ቅዳሜ አጫወትናት። የሴት ድምፅ ነው፣ ኦርጋን አለ፣ ቤዙ ይረግጣል። አጎቴ አንድ ስም ጠራ፣ እትዬ «ኧረ እሷ አይደለችም» አሉ፣ እስኪመሽ ተከራከሩ። ለሚቀጥለው ቅዳሜ እትዬ ያኔ ባንድ ውስጥ ይጫወቱ የነበሩ ዘመዳቸውን ይዘው ይመጣሉ።