ሜይፍላሽ ኤፍ300፦ ለፋይቲንግ ጌም ርካሽ አርኬድ ስቲክ ለሚፈልጉ

ፒያሳና መርካቶ የጌም ዕቃ ሱቆች ውስጥ መደበኛው ጆይስቲክ እንደ ልብ ነው። አርኬድ ስቲክ (ሳጥን ላይ ዱላና ትላልቅ በተኖች ያሉት መቆጣጠሪያ) ግን ከተገኘም ብዙውን ጊዜ ከዱባይ ወይም ከቻይና በሰው ሻንጣ የገባ ስለሆነ ገዝቶ መመለስ አይታሰብም። እናም ስለ ሞዴሉ ከማሰብ በፊት በምን ላይ እንደምትጫወቱ ወስኑ።

በርካሾቹ መካከል የምንመርጠው ሜይፍላሽ ኤፍ300ን ነው። ውጭ አገር 60 ዶላር አካባቢ ይሸጣል። ፒሲ ላይ ገመዱን ሰክቶ መጫወት ነው። ፕሌይስቴሽን 4 ላይ ግን ኮንሶሉ ፈቃድ ያለው መቆጣጠሪያ መሆኑን ስለሚያጣራ፣ ስቲኩ ላይ ባለው የዩኤስቢ ቀዳዳ ኦርጅናል ዱዋልሾክ 4 (የፕሌይስቴሽን 4 ጆይስቲክ) መሰካት አለበት። ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። ሻጩ «ልክ እንደ ኦርጅናሉ ነው» የሚላችሁ ኮፒ ጆይስቲክ ለጨዋታ ቢያገለግልም ይህን ማጣሪያ ላያልፍ ይችላል። የጆይስቲኩ ገመድም ዳታ የሚያስተላልፍ ይሁን፤ ቻርጅ ብቻ የሚያደርግ ገመድ ከሰካችሁ ጥፋቱን ስቲኩ ላይ ስትፈልጉ ትውላላችሁ። ፕሌይስቴሽን 5 ያለው ሰው ለእሱ ተብሎ የተሠራ ስቲክ ይግዛ። ፕሌይስቴሽን 2 ላይ ደግሞ ያለ መቀየሪያ አይሰካም።

አብሮት የሚመጣው ሌቨር (አቅጣጫ የሚሰጠው ዱላ) ልል ነው፤ በተኖቹም ጠንከር ይላሉ። ይህ አያስከፋም፣ ምክንያቱም የኤፍ300 ዋጋው ያለው በሳጥኑና በቦርዱ (ውስጡ ባለው ኤሌክትሮኒክስ) ነው። የጃፓኑ ሳንዋ ጄኤልኤፍ ሌቨር 25 ዶላር አካባቢ፣ ኦቢኤስኤፍ-30 በተን ደግሞ አንዱ 3 ዶላር አካባቢ ያወጣል፤ ሁለቱም ሳይበየድ ይገባሉ። ሁሉንም በአንዴ መቀየር የለባችሁም። መጀመሪያ ሌቨሩን፣ ከዚያ ለስትሪት ፋይተር ስድስቱን ዋና በተኖች፤ ቴከን ለሚጫወት አራት ይበቃሉ።

ስትቀይሩ ከሥር ያሉትን ብሎኖች ፈትታችሁ፣ ምንም ከመንቀላችሁ በፊት የሽቦዎቹን አቀማመጥ በስልክ ፎቶ አንሱ። የሌቨሩ ኳስ የሚወጣው ከሥር በዘንጉ ጫፍ ያለውን ስንጥቅ በጠፍጣፋ ካቻቢቴ ይዞ ኳሱን በማዞር ነው፤ ሳይያዝ ቢዞር ዘንጉ አብሮ ይዞራል። በተኑ በጎንና ጎን ያሉትን ሁለት ጥርሶች ጨቁኖ ወደ ላይ ሲገፋ ይወጣል። አንድ በተን ላይ ያሉት ሁለት ሽቦዎች ቢለዋወጡ ለውጥ የለውም። ሌቨሩን ግን 90 ዲግሪ አዙራችሁ ካሰራችሁት ወደ ላይ ስትሉ ገጸ ባሕሪው ወደ ጎን ይሄዳል።

ከተቀየረ በኋላ ሃዶከን (ስትሪት ፋይተር ላይ ሌቨሩን ከታች ወደ ፊት በማዞር የሚወረወረው የኃይል ኳስ) አልወጣ ካለ ሌቨሩን ለመውቀስ አትቸኩሉ። ጄኤልኤፍ የሚመጣው በካሬ ጌት (የዘንጉን እንቅስቃሴ የሚገድብ ማዕቀፍ) ነው። ሰያፉ ያለው ማዕዘኑ ላይ ስለሆነ፣ ከታች ወደ ፊት ስትሄዱ እጅ ማዕዘኑን መንካት መልመድ አለበት። ስምንት ማዕዘን ጌት ለየብቻ ይሸጣል፤ እኛ ግን ለጀማሪም ካሬውን እንመርጣለን።

ሌላው ችግር ክብደት ነው። ኤፍ300 ቀላል ስለሆነ ጭን ላይ ይንሸራተታል። ከሥሩ የጎማ ምንጣፍ መለጠፍ ይበቃል። ውስጡ ብረት የሚጨምር ካለ ግን ቦርዱን እንዳይነካ በደንብ ይሸፍነው።

ኤይትቢትዱ አርኬድ ስቲክ መልከ መልካምና ያለ ገመድም የሚሠራ ቢሆንም ለፕሌይስቴሽን አይሆንም። የሆሪ ፋይቲንግ ስቲክ ሚኒ ትንሽ ነው፤ በተኖቹም ከ30 ሚሊ ሜትር ስለሚያንሱ ሳንዋ እንደ ዋዛ አይገባበትም። «ዜሮ ዲሌይ» (ያለ መዘግየት) የሚባለው በገዛ እጅ የሚገጣጠም ኪት በዋጋ ይረክሳል፣ ስሙ ግን አያታላችሁ፤ መዘግየት አለው። ፕሌይስቴሽን 4 ላይም አይሠራም። ለፒሲ በገዛ እጁ መሥራት የሚፈልግ 4 ዶላር አካባቢ የሚያወጣውን ራስፕቤሪ ፓይ ፒኮ የተባለ ትንሽ ቦርድ ገዝቶ፣ ቦርዱን ወደ ጌም መቆጣጠሪያ የሚቀይረውን ጂፒ2040-ሲኢ የተባለ ሶፍትዌር ቢጭንበት ይሻለዋል። ሳጥኑን አናጺ ከኤምዲኤፍ ሲሠራው ለበተን 30 ሚሊ ሜትር፣ ለስታርት 24 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ይክፈት። እንጨቱ ወፍራም ከሆነ በጥርስ የሚያዘው በተን አይጨብጥም፤ በቀለበት የሚጠብቀውን ግዙ። ሌቨሩ የሚታሰርበት ቦታም ከሥር ካልተቦረቦረ ዘንጉ ከላይ በኩል አጭር ይሆናል።

ያገለገለ የምትገዙ ከሆነ ላፕቶፕ ይዛችሁ ሂዱ። በዊንዶውስ የጌም ኮንትሮለር መሞከሪያ ስምንቱንም አቅጣጫ አንድ በአንድ ይዛችሁ ቆዩ፤ ሰያፉ ላይ ብልጭ ድርግም ካለ ማይክሮስዊቹ (ሌቨሩ ውስጥ ያለው ትንሽ ማብሪያ) ደክሟል ወይም ጌቱ በትክክል አልተገጠመም። እያንዳንዱን በተን ቀስ ብላችሁ ተጫኑ። አንዴ ተጭናችሁ ሁለቴ የሚበራ ካለ በ3 ዶላር የሚቀየር ስለሆነ ዋጋ ማስቀነሻ ይሆናችኋል። ገመዱ ሲነካካ ግንኙነቱ የሚቋረጥ ከሆነ ግን ትታችሁት ውጡ።