አስታማሚን የሚሰማ ሐኪም፦ ጅማ ውስጥ ስለታከምንበት አንድ የአእምሮ ሕክምና ክፍል

ታናሽ ወንድሜን ላለፉት ሁለት ዓመታት ጅማ ውስጥ በሚገኝ አንድ የአእምሮ ሕክምና ክፍል በተመላላሽ ሳሳክም ቆይቻለሁ። ከምስጋናዬ ጋር ቅሬታም ስላለኝ የተቋሙን ስም አልጠቅስም። ቀድሞ አዲስ አበባ አማኑኤል ሆስፒታል ድረስ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ እንጓዝ ስለነበር፣ ሕክምናውን በባጃጅ ደርሶ ማግኘት ብቻውን ለቤታችን ትልቅ እፎይታ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ወራት ግን አላረኩኝም። ወንድሜ ብቻውን ይገባል፣ «ደህና ነኝ» ብሎ ወዲያው ይወጣል፣ ሃሎፔሪዶል የተባለው የተለመደው የአእምሮ ሕመም መድኃኒት ይታዘዝለታል። እኔና እናቴ የምንፈለገው ለመድኃኒቱ ገንዘብ ለመክፈል ብቻ ነበር፤ አንድ ቀን ገብቼ ልናገር ብል «የታካሚ ምስጢር ነው» ተብዬ ተመለስኩ።

የመድኃኒቱ መጠን ከፍ ካለ በኋላ ወንድሜ መቀመጥ አቃተው። ማዕድ ቀርቦ ሁለት ጊዜ ሳይጎርስ ይነሣል፤ ሌሊቱን ከግቢው በር እስከ ቡናው ተክል ሲመላለስ እናቴ ኮቴውን እያዳመጠች ታነጋለች። ሕመሙ የተነሣበት መሰለን። በቀጠሮው ቀን ያገኘናት አዲስ ሐኪም ግን አስቀድማ ወንድሜን «እህትህ ብትገባ ትፈቅዳለህ?» ብላ ጠየቀችው። ያየነውን ከነገርኳት በኋላ ወደ እሱ ዞራ «አላስቀምጥ የሚልህ እግርህ ነው ወይስ ሐሳብህ?» አለችው። «እግሬ» አላት። መቁነጥነጡ መድኃኒቱ ያመጣው እንጂ የሕመሙ ማገርሸት እንዳልሆነ አስረድታን መጠኑን ቀነሰች፣ መቁነጥነጡን የሚያስታግስ ፕሮፕራኖሎል የተባለ መድኃኒትም ጨመረችለት። እንደ እኛ ግምት መድኃኒቱ ይጨመር ቢባል ኖሮ ይባስ ይብስበት ነበር።

ስለ ምስጢሩም ጠየቅኋት። ታካሚው የነገራትን ያለ ፈቃዱ ለእኛ እንደማታወጣ፣ እኛ ያየነውን ማዳመጥ ግን ምስጢር ማውጣት እንዳልሆነ ነገረችኝ። ይህን ልዩነት ቀደም ብሎ የነገረን አልነበረም። ከዚያ ወዲህ በአንድ የተማሪ ደብተር የሚተኛበትን ሰዓት፣ የዘለለውን ክኒንና ጫት የቃመበትን ቀን እጽፋለሁ፤ እንቅልፉ በተከታታይ ሌሊቶች ካጠረ ቀጠሮ ሳንጠብቅ እንድንመጣ ተነግሮናል። ደብተሩን ወንድሜም ያነበዋል፤ አንዳንዴም «ይኼ ውሸት ነው» ብሎ ይሰርዝብኛል፣ ሐኪሟም ስርዙን ሳይቀር ትጠይቀዋለች። እናቴ ስለ ጠበሉ ፈራ ተባ እያለች ስታነሣም «እማማ፣ ጠበሉን ይጠመቅ፣ ክኒኑን ግን አያቋርጥ» ብላ መልሳላታለች። እናቴ ከዚያን ቀን ጀምሮ ምንም አትደብቃትም።

ቅሬታዬ እነሆ። ይህ ሁሉ የክፍሉ አሠራር ሳይሆን የአንዲት ሐኪም ጠባይ ነው። እሷ ተረኛ በማትሆንበት ቀን ታሪኩን ከ«ሀ» እንጀምራለን፤ ደብተሩን ሳያገላብጥ የመለሰልኝም አለ። በሩ እየተከፈተ ሌሎች ታካሚዎች አንገታቸውን ያስገባሉ፣ በዚያ መሐል ስለ ወንድሜ ሕመም መናገር ይከብዳል። መድኃኒቱ ከግቢው መድኃኒት ቤት ሲጠፋ ውጭ የምንገዛው በውድ ነው። ወደዚያ የምትሄዱ አስታማሚዎች ካርድ ስታወጡ ያለፈው ጊዜ ያየችን ሐኪም ትመደብልን ብላችሁ ጠይቁ፤ እኛ ስንጠይቅ ብዙ ጊዜ ፈቅደውልናል።