ነሐሴ፣ ዶፍና መድፈኞቹ፦ የጎጃም ኳስ ቤቶች ለአዲሱ ሲዝን ሲፈተሹ

የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ነሐሴ 9 ቀን 2017 ዓ.ም. ይጀመራል። ነሐሴ 9 ጎጃም ውስጥ ጠዋት ጭጋግ፣ ከሰዓት ነጎድጓድ፣ አመሻሽ ላይ ቆርቆሮ የሚደበድብ ዶፍ ነው። የአርሰናል ደጋፊ ሐምሌን ሙሉ ስለ ዝውውር ሲከራከር ከርሟል። ጨዋታውን የሚያይበትን ቤት ግን አዲሱን አጥቂ በመረመረበት ዓይን የመረመረ ጥቂት ነው፤ ገንዘብ ከፍሎ የሚገባው ግን እዚያው ነው። ስለዚህ ሁለቱን አብረን እንይ፦ ቡድኑ ምን ይዞ እንደመጣ፣ ከባሕር ዳር እስከ ደብረ ማርቆስ ያሉት የዲኤስቲቪ ቤቶችም እሱን ለማሳየት ይበቁ እንደሆነ።

የቡድኑ ጉዳይ አጭር ነው። መድፈኞቹ ለሦስተኛ ተከታታይ ዓመት ሁለተኛ ሆነው ጨርሰዋል። ያለፈው ሲዝን 74 ነጥባቸው ከሊቨርፑል በ10 ያነሰ ነበር፤ የተሸነፉት ግን 4 ጊዜ ብቻ ነው። ነጥቡ የፈሰሰው በአቻ ነው፣ 14 ጊዜ። ጥር ላይ አጥቂው ጄሱስ ጉልበቱን፣ የካቲት ላይ ሌላው አጥቂ ሃቨርትዝ የጭኑን ጡንቻ ተጎድተው ሲወጡ አማካዩ ሜሪኖ አጥቂ ሆነ። በሊጉ ብዙ ያገባላቸው ሃቨርትዝ ነው፣ እሱም 9 ግብ። በዚህ ቁጥር ዋንጫ አይነሳም።

ለዚህ ነው አዲሱ አጥቂ ዮኬሬሽ የመጣው። ለፖርቹጋሉ ስፖርቲንግ በ102 ጨዋታ 97 ግብ አስቆጥሯል። ቁጥሩ አፍ ያስከፍታል፤ ነገር ግን ልጁ ሜዳ ሲሰፋለት እየጋለበ የሚያገባ ነው፣ አርሰናልን የሚገጥም ቡድን ደግሞ አሥር ሰው ሳጥን ውስጥ ደርድሮ ይጠብቃል። በመስከረም ወር ላይ ሦስት ግብ ብቻ ካለው «ፍሎፕ ነው» ለማለት አይቸኮል። ከእሱ ይልቅ ዓይን የሚገባው አዲሱ አማካይ ዙቢሜንዲ ነው። ፓርቴይ በሄደበት ቦታ ኳሱን ከተከላካይ ተቀብሎ ፊቱን ወደ ፊት አዙሮ የሚያቀብል ሰው ማለት ከ14ቱ አቻ ሦስቱን ወይም አራቱን ወደ ድል የሚቀይር ሰው ማለት ነው። ሌላም አለ፦ ከዚህ ሲዝን ጀምሮ ግብ ጠባቂ ኳስ በእጁ ከ8 ሰከንድ በላይ ከያዘ ለተጋጣሚው የማዕዘን ምት ይሰጣል። የማዕዘን ምትን ለብቻው የሚያሠለጥን ኒኮላ ዦቬር የተባለ ሰው ላለው ቡድን ይህ ሕግ ስጦታ ነው።

አሁን መርሐ ግብሩን ከደመናው ጋር አስተያዩት። ማንቸስተር ዩናይትድ ከሜዳ ውጭ ነሐሴ 11፣ ሊቨርፑል ከሜዳ ውጭ ነሐሴ 25፣ ሲቲ በሜዳቸው መስከረም 11፣ ኒውካስል ከሜዳ ውጭ መስከረም 18። ከስድስቱ የመጀመሪያ ጨዋታዎች ከባዶቹ አራቱ ሁሉም እሑድ ከምሽቱ 12፡30 ናቸው። በክረምት የጎጃም ሰማይ የሚናደው ደግሞ ብዙ ጊዜ ከሰዓት በኋላና አመሻሽ ላይ ነው። የቡድኑ ፈተና የሚያበቃው መስቀል ሲያልፍ ነው፤ የዲሹም እንዲሁ።

ዝናብ ምስል የሚቆርጠው ለምንድን ነው? ሳተላይቱ የሚልከው ሞገድ ርዝመቱ 2.5 ሴንቲሜትር ገደማ ነው፤ ወፍራም የዝናብ ጠብታ ይህን ሞገድ ይበላዋል፣ ይበትነዋልም። ስስ ደመና ምንም አያደርግም። እዚህ ጋ እኛን የሚጠቅም ነገር አለ። የዲኤስቲቪ ሳተላይት ያለው 36 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ነው፤ ባሕር ዳር 37 ዲግሪ አልፋ ትንሽ ናት። ስለዚህ ሞገዱ ከ75 ዲግሪ በላይ ቀጥ ብሎ ከአናታችን ይወርዳል። ለኢትዮሳት የተተከለው ዲሽ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ያዘነብላል፣ የዲኤስቲቪው ግን አንገቱን ወደ ሰማይ ያቀናል። ሞገዱ በአጭር መንገድ ስለሚወርድ ምስል የሚቆርጠው ከቤቱ አናት ላይ የቆመው ደመና ብቻ ነው። ጣና ላይ መብረቅ ሲያብረቀርቅ ጨዋታው ላይነካ ይችላል፣ ዶፉ ሰፈሩ ላይ ሲደርስ ይጠፋል፣ ሲያልፍ ይመለሳል። በደንብ የተተከለ ዲሽ ያለው ቤት የሚያጣው ጥቂት ደቂቃ ነው። ግማሽ ጨዋታ የሚያጣ ቤት ካለ ጥፋቱ የእግዜር አይደለም።

የማን ነው ታዲያ? አብዛኛውን ጊዜ የሦስት ነገሮች ነው።

አንደኛው አተካከል ነው። 80 ሴንቲሜትር ዲሽ አንድ ዲግሪ ገደማ ዘወር ካለ የሚቀበለውን ኃይል ግማሹን ያጣል። በበጋ ይህ አይታወቅም፣ ምስሉ ኩልል ብሎ ይታያል፤ በክረምት ግን መጠባበቂያ ስለሌለው በመጀመሪያው ዝናብ ይወድቃል። ምሰሶው ቀጥ ብሎ መቆሙን በውኃ ልክ ማየት፣ ብሎኖቹን ማጥበቅ፣ ከዚያ ሪሲቨሩ ማውጫ ውስጥ ጥንካሬና ጥራት የሚሉትን ሁለት መስመሮች ከፍቶ ዲሹን በጣት ስፋት እያንቀሳቀሱ ከፍተኛውን ቦታ መፈለግ ነው። መታየት ያለበት ጥራቱ ነው። ጥንካሬው ከፍ ብሎ ጥራቱ ዝቅ ካለ ዲሹ ወይም ኤልኤንቢው (ከዲሹ ፊት የሚቆመው የሞገድ መቀበያ) አቅጣጫውን ስቷል። ሥራው ጠራ ባለ ሰማይ መሠራት አለበት፤ ዝናብ እየዘነበ የተስተካከለ ዲሽ የተስተካከለ አይባልም።

ሁለተኛው ገመድ ነው። ኤልኤንቢው ላይ የሚጠመዘዘው መሰኪያ ውኃ ከገባበት የመሃሉ መዳብ ይዝጋል፣ ዝገቱ ሞገዱን ይበላዋል። ብዙ ቤት እዚያ ላይ የሚጠቀልለው ፌስታል ነው፤ ፌስታል ውኃውን ከውጭ ይከለክልና የገባውን ደግሞ አያስወጣም። ጎማነት ያለው የኤሌክትሪክ ቴፕ ከታች ወደ ላይ እየተደራረበ ቢጠቀለል፣ ገመዱም ወደ ቤት ከመግባቱ በፊት ወደ ታች ቀለስ ተደርጎ ቢታሰር ውኃው እዚያው ይንጠባጠባል። በመሃል የተቀጠለ ገመድ ካለ ይቀየር። የመሃሉ ሽቦ ላይ ከውጭኛው መረብ አንዲት ክር ብትነካው ደግሞ ምልክቱ ጨርሶ ይሞታል፣ ሠሪው ግን ሁለት ሰዓት ዲሽ ሲያዞር ይውላል።

ሦስተኛው የዲሹ ስፋት ነው። ለቤት 80 ይበቃል። ገንዘብ ተቀብሎ መቶ ሰው የሚያስቀምጥ ግን 120 ይትከል፤ ሞገድ የሚቀበለው ገጹ ከ80ው ከእጥፍ በላይ ስለሆነ ዶፍ ሲወርድ የሚተርፈው አቅም አለው። በረዶ በሚበዛበት በደብረ ማርቆስ በኩል ደግሞ ላዩ የተጎደጎደ ዲሽ ይታያል። ቅርጹ ከተበላሸ ሞገዱን አንድ ቦታ መሰብሰብ አይችልም፣ ቀለም መቀባት አይመልሰውም።

ወደ ቤቶቹ እንግባ። በጥቅሉ ሦስት ዓይነት ናቸው።

የሰፈር ጠባቧ ቤት፦ አንድ ቴሌቪዥን፣ አግዳሚ ወንበር፣ በር ላይ ቲኬት ቆራጭ። በዋጋ የምትበልጣት የለችም፣ ድምቀቷም ከሁሉ ይበልጣል። ችግሯ ሪሲቨሩ አንድ መሆኑ ነው። ቅዳሜ 11 ሰዓት ላይ አራት አምስት ጨዋታ አብሮ ሲጀመር የሚታየው ብዙ ደጋፊ የመጣለት ነው፤ የዩናይትድ ልጆች ከበዙ አርሰናልን በውጤት ጽሑፍ ነው የምትከታተሉት። ስለዚህ «ኳስ አለ?» ሳይሆን «የማን ኳስ ነው?» ብሎ ጠይቆ መክፈል። 55 ኢንች ቴሌቪዥን ከ5 ሜትር በላይ ርቆ ለተቀመጠ ሰዓቱና ውጤቱ አይነበብም፤ የኋላው ወንበር ከዚያ የራቀ ከሆነ ቀደም ብሎ መግባት ያዋጣል።

ፕሮጀክተር ያለው አዳራሽ፦ ለማታ ጨዋታ እንደ ስታዲየም ነው። ለቀን ግን መጋረጃው ሳስቶ ብርሃን ካስገባ ሜዳው ነጭ፣ ማሊያው ነጭ፣ ኳሱም ነጭ ይሆናል። መስከረም 3 ከኖቲንግሃም ጋር ያለው ጨዋታ ከቀኑ 8፡30 ነው፤ ያን ዕለት አዳራሽ አይመረጥም። የባሰው መብራት ሲሄድ ነው። በአምፖል የሚሠራ ፕሮጀክተር መብራት ሲጠፋበት አምፖሉ እስኪበርድ ቶሎ አይነሳም፣ ሪሲቨሩም እንደገና ተነስቶ ምልክት እስኪፈልግ ደቂቃዎች ይወስዳል። ጄኔሬተር በአንድ ደቂቃ ቢነሳ እንኳ እናንተ ከአምስት ደቂቃ በላይ ጨለማ ግድግዳ ታያላችሁ። መድኃኒቱ ርካሽ ነው፦ ሪሲቨሩንና ፕሮጀክተሩን አነስተኛ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚይዝ መሣሪያ) ላይ መሰካት። ዩፒኤሱ ጨዋታውን ሙሉ መያዝ የለበትም፣ ጄኔሬተሩ እስኪነሳ ያሉትን ደቂቃዎች ብቻ ይሸከም። ጄኔሬተር ስላለው የሚኮራ ብዙ ነው፤ ዩፒኤስ ያለው ግን ጥቂት ነው። ስትገቡ ከፕሮጀክተሩ ሥር ያለውን ሶኬት አንድ ጊዜ ተመልከቱ፣ ቤቱን ያወቃችሁት ያኔ ነው።

ሆቴልና ካፌ፦ ስክሪኑ ሁለት ሦስት ነው፣ ወንበሩ ምቹ ነው፣ የመግቢያ የለም። ክፍያው በሻይና በማኪያቶ ይመጣል፤ የመጀመሪያዎቹ ጨዋታዎች ደግሞ ፍልሰታ ላይ ስለሚውሉ ለፆመኛ ከሻይና ከጀበና ቡና ውጭ ብዙ አማራጭ የለም። ሁለት ስክሪን ስላለ ሁለት ጨዋታ ይታያል ማለት እንዳልሆነ ልብ በሉ። ከአንድ ሪሲቨር ሁለቱ ላይ የተዘረጋ ከሆነ ሁለቱም አንድ ናቸው። ድምፁን ዘግቶ ሙዚቃ የሚለቅ ቤት ለኳስ ቤትነት አይቆጠርም።

ስለ መዘግየት አንድ ነገር። ጎረቤት ቤት «ጎል!» ብሎ ሲጮህ የእናንተ ራይስ፣ የአርሰናል የማዕዘን ምት መቺ፣ ገና ኳሱን ማዕዘን ላይ እያስቀመጠ ከሆነ ቤታችሁ የሚያሳየው በኢንተርኔት ነው። በኢንተርኔት የሚመጣ ምስል ከሳተላይቱ በግማሽ ደቂቃና ከዚያም በላይ ሊዘገይ ይችላል። በቆሙ ኳሶች ለሚኖር ቡድን ደጋፊ ከዚህ የከፋ ቅጣት የለም፦ እጁን አንስቶ ሲሮጥ ከማየታችሁ በፊት ራስ ማን እንደመታ መንደሩ ነግሯችኋል። ከመክፈል በፊት በቴሌቪዥኑ ሥር የሪሲቨሩን መብራት መፈለግ ይበቃል።

ክፍያ ላይም የሚደገም ስህተት አለ። ሰኔና ሐምሌ ኳስ ስለሌለ ብዙ ባለቤት ወርኃዊውን ያቋርጣል፣ ከዚያ ነሐሴ 9 ማታ 4 ሰዓት ሊቨርፑልና ቦርንማውዝ ሊጀምሩ ሲሉ ይከፍላል። ለሁለት ወር ተነቅሎ የቆየ ሪሲቨር ግን ወዲያው አይከፈትም፤ በርቶ ቻናሉ ላይ ቆይቶ የመክፈቻውን ትእዛዝ ከሳተላይት መቀበል አለበት። «ኢ16» ካለ የክፍያ ጉዳይ ነው፣ ሰዓት ይፈልጋል። «ኢ48-32» ካለ ምልክት የለም ማለት ነው፣ ጣሪያ ላይ ይወጣል። ሁለቱን ሳይለዩ ዲሽ የሚያዞር ባለቤት ጤነኛውን ያበላሻል። ሐሙስ መክፈል፣ አርብ ጠዋት ማብራት። እቤቱ የሚያስገባ ደጋፊም ደንቡ ይኸው ነው፤ የጥቅሉን ስም ሳይሆን ፕሪሚየር ሊጉና ቻምፒየንስ ሊጉ በየትኛው ቻናል እንደሚገቡ ጠይቆ ይመዝገብ።

ሰዓቱ ጥቅምት 16 ላይ ይቀየራል። እንግሊዞች ሰዓታቸውን ወደ ኋላ ሲመልሱ ለእኛ ሁሉም ጨዋታ በአንድ ሰዓት ይመሻል፦ የቅዳሜው 8፡30 ወደ 9፡30፣ 11 ሰዓቱ ወደ 12፣ የምሽቱ 1፡30 ወደ 2፡30። የቻምፒየንስ ሊጉ ዋና ጨዋታ ከ4 ሰዓት ወደ ምሽቱ 5 ሰዓት ይሄዳል፣ ሲያልቅ እኩለ ሌሊት አልፏል። ባጃጅ በጊዜ በሚቆምበት ሰፈር ይህ ማለት የማክሰኞና የረቡዕ ጨዋታ በእግር ከሚመለሱበት ቤት ብቻ ይታያል ማለት ነው፣ የቱንም ያህል ሌላው ቢያምር። እስከ መጋቢት 20 እንዲሁ ነው።

ከዝናቡ በኋላ ያለው ጊዜ ለአርሰናል የሚመች ይመስላል። ከታኅሣሥ 12 ጀምሮ የአፍሪካ ዋንጫ ሞሮኮ ላይ ሲካሄድ ሊቨርፑል ሳላህን፣ ሲቲ ማርሙሽን፣ ዩናይትድ እምቤሞንና አማድን ይሸኛሉ። ከአርሰናል ዋና ተሰላፊዎች የሚሄድ የለም። ያን ጊዜ ሰማዩም ጥርት ያለ ነው፣ 80ውም ዲሽ እንደ 120 ያሳያል። በሕዳር መጨረሻ ከመሪው በ3 ነጥብ ርቀት ውስጥ ከሆኑ ዋንጫው የሚወሰነው በዚያ አንድ ወር ነው። የአፍሪካ ዋንጫው ፍጻሜ ጥር 10 ነው፣ ከተራ፤ ታቦት ሸኝቶ ለሚመለስ ሰው ቦታ የሚይዝለት ጓደኛ ካሁኑ ይፈለግ።