የምንጊዜም ምርጥ ሆረር ፊልሞች፦ ከከተማ ዳር ላለ ሳሎን የወጣ ደረጃ

አንደኛ ዘ ኤክሶርሲስት፣ ሁለተኛ ዘ ቲንግ፣ ሦስተኛ ኤልየን። ከዚያ በታች ያሉት ቦታ ቢቀያየሩ አልጣላም፤ በእነዚህ ሦስቱ ላይ ግን እከራከራለሁ።

ደረጃው የወጣው ለሲኒማ ቤት አይደለም። ኮዬ ፈጬ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ አራብሳ ወይም ጀሞ፣ ግድግዳ ከጎረቤት ጋር በሚጋራ ኮንዶሚኒየም፣ በ43 ኢንች ቴሌቪዥንና በፍላሽ ለሚያይ ሰው ነው። እዚያ ሳሎን ውስጥ ሆረርን የሚያኖረውም የሚገድለውም ድምፅ ነው። ምስሉ ትንሽ ቢደበዝዝ ፊልሙ ይተርፋል፤ ትንፋሹና ኮቴው ካልተሰማ ግን የቀረው ባዶ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ዘ ኤክሶርሲስት በ1973 የወጣ፣ ጋኔን ስለያዛት ልጅ የሚተርክ የዊልያም ፍሪድኪን ፊልም ነው። እዚህ አገር የሚያጣጥሉት ሰዎች ጠንካራ መከራከሪያ አላቸው፦ ጠበል ቦታ በጠራራ ፀሐይ ሰው ሲጮኽና ሲለፈልፍ ያየ ሰው፣ በሜካፕ የተሠራች ልጅ ምኗ ያስፈራዋል? ጥያቄው ተገቢ ነው። ግን ፊልሙ ጉልበቱን ያከማቸው ጩኸቱ ላይ አይደለም። የመጀመሪያው ሰዓት ከሞላ ጎደል የሐኪም ቤት ፊልም ነው። እናትየው ልጇን ይዛ ከአንዱ ሐኪም ወደ ሌላው ትንከራተታለች፤ መድኃኒት ይታዘዛል፣ ራጅ ይነሣል፣ ውጤቱ ምንም የለም ይባላል። ከሁሉም የሚከብደው ትዕይንት ጋኔን የለበትም። ልጅቷ ጠረጴዛ ላይ ተጋድማ አንገቷ በመርፌ ይወጋል፣ ደም ፊጭ ይላል፣ ከዚያ ግዙፉ ማሽን ጆሮ እስኪያደነቁር እየተንኳኳ ፎቶ ያነሣል። ልብ ብላችሁ እዩት፤ ሐኪሞቹ ክፉዎች አይደሉም፣ ሥራቸውን ነው የሚሠሩት። በመጨረሻም የቄስ ነገር የሚያነሡት እነሱው ራሳቸው ናቸው፤ እናትየው ግን አማኝ እንኳ አይደለችም። በሐኪም ቤትና በጠበል መካከል የሚመላለስ ቤተሰብ በየሰፈሩ ባለበት አገር፣ ይህን መንገድ ማንም ማስረዳት አያስፈልገውም። ጠበል ያየ ሰው አይፈራውም የሚለውን የማልቀበለው ለዚህ ነው፤ ከማንም በላይ የሚገባው ለእሱ ነው።

ፊልሙ ካገኛቸው ሁለት ኦስካሮች አንዱ የድምፅ ነው፣ ይገባዋልም። የጋኔኑን ድምፅ የሰጠችው መርሴዲስ ማክካምብሪጅ የተባለች ተዋናይት ናት። የመኝታ ክፍሉ ሴት እንደ ፍሪጅ እንዲቀዘቅዝ ተደርጎ ስለተቀረጸ የቄሶቹ ትንፋሽ በእውነት ይጨሳል። ኢራቅ ውስጥ የሚካሄደውን መክፈቻ ብዙ ሰው ያሳልፈዋል፤ አታሳልፉት። የመዶሻው ምት፣ የሚናከሱት ውሾች ድምፅ፣ የቁፋሮው ጫጫታ ኋላ ለሚመጣው ጆሮን የሚያዘጋጁ ናቸው።

ስታስጭኑ ርዝመቱን ተመልከቱ። 122 ደቂቃ ከሆነ በ1973 የታየው ነው፤ 132 ከሆነ በ2000 እንደገና የወጣው ነው። ረጅሙ ልጅቷ በጀርባዋ ተገልብጣ ደረጃ የምትወርድበትን ጨምሯል፣ ጨለማ ውስጥም ፊቶችን ብልጭ ያደርጋል። እኔ 122ቱን እመርጣለሁ፤ ረጅሙ ቶሎ ቶሎ ያስደነግጥና ያንን የሐኪም ቤት ትዕግሥት ያፈርሰዋል።

የጆን ካርፔንተር ዘ ቲንግ (1982፣ 109 ደቂቃ) አንታርክቲካ ውስጥ ስለተዘጋባቸው ወንዶች ነው፤ አንዱ ወይም ሁለቱ ሰው አይደሉም፣ የትኞቹ እንደሆኑ ግን አይታወቅም። ሲወጣ ተቺዎች አዋርደውት ነበር፤ ከሁለት ሳምንት በፊት የወጣውና የሚወደድ ፍጡር ያለበት ኢቲ የተባለው ፊልምም ተመልካቹን ወስዶበታል። ዛሬ ያ ሁሉ ተገልብጧል። ፍጡሮቹን ሮብ ቦቲንና ቡድኑ በላስቲክና በኬሚካል በእጃቸው ነው የሠሯቸው፣ ኮምፒውተር የለበትም፤ ስለዚህ ክብደት አላቸው። የደም ምርመራው ትዕይንት ግን ልዩ ነው። ወንዶቹ ሶፋ ላይ ታስረው በተራ በተራ ደማቸው ሳህን ላይ ይደረጋል፣ የጋለ ሽቦ ይነከርበታል፣ ቺስ ይላል፣ ቀጣዩ ይመጣል። የሚያስፈራው ፍጡሩ ሳይሆን «ቺስ» የሚለው ድምፅ የማይመጣበት ተራ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ መጀመሪያ ላይ ውሻውን የሚያሳድደው ሰው የሚጮኸው በኖርዌይኛ ነው፤ ሰብታይትል የሌለው ሆን ተብሎ ነው። ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው አብሯችሁ ካለ ዝም በሉ በሉት፤ ምስጢሩ በሙሉ እዚያ ጩኸት ውስጥ አለ።

ኤልየን (1979፣ ሪድሊ ስኮት፣ 117 ደቂቃ) ሦስተኛ የሆነው ከዘ ቲንግ በጥቂቱ አንሶ ነው። የጠፈር መርከብ ሠራተኞችን የሚያድነው ፍጡር በፊልሙ ውስጥ የሚታየው ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው። ልብሱ ውስጥ የነበረው ቦላጂ ባዴጆ የተባለ፣ ቁመቱ ሁለት ሜትር ያለፈ ናይጄሪያዊ የዲዛይን ተማሪ ነው፤ ከዚያ በኋላ ሌላ ፊልም አልሠራም። ስለ ሆረር ታሪክ ሲወራ የእሱ ስም የሚዘለል መሆኑ ያሳዝነኛል።

አሁን ወደ ሳሎኑ። ብዙ ሰው ፊልሙን ሳይሆን የቴሌቪዥኑንና የስፒከሩን አቀማመጥ ነው የሚጠላው።

ቴሌቪዥኑ ከሱቅ ሲወጣ ብዙ ጊዜ «ዳይናሚክ»፣ «ቪቪድ» ወይም «ስታንዳርድ» ላይ ነው። ወደ «ሙቪ» ወይም «ሲኒማ» ቀይሩት። እንቅስቃሴ የሚያለሰልሰውን ሴቲንግ አጥፉ፤ ሳምሰንግ ላይ ኦቶ ሞሽን ፕላስ (በአዲሶቹ ፒክቸር ክላሪቲ)፣ ኤልጂ ላይ ትሩሞሽን ይባላል። ካልጠፋ ፊልሙ የሰርግ ቪዲዮ ይመስላል፣ የዘ ቲንግ ላስቲክም ላስቲክነቱ ይታወቃል። ጨለማ ትዕይንት አልታይ ሲል ብራይትነስ አትጨምሩ፤ ጥቁሩ ግራጫ ይሆናል እንጂ ውስጡ አይገለጥም። የሳሎኑን መብራት አጥፍታችሁ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ደካማ አምፖል አብሩ።

የቀጫጭን ቴሌቪዥኖች ስፒከር ወደ ታች ወይም ወደ ኋላ ስለሚናገር ሹክሹክታ ይውጣል። ሁለት ትንንሽ ስፒከሮች በግራና በቀኝ፣ በተቀመጠ ሰው ጆሮ ከፍታ ይበቃሉ። ማዕዘን ውስጥ አትክተቷቸው፣ ቤዙ (ወፍራሙ ድምፅ) ይጎላል። ቤዝ ደግሞ በኮንክሪት አልፎ ጎረቤት ጋ የሚደርሰው እሱ ነው፤ ቀንሱት፣ ከሥራቸውም የታጠፈ ብርድ ልብስ አድርጉ። ኮቴ፣ ትንፋሽ፣ የበር ሲጥታ ያለው በመካከለኛና በቀጭን ድምፅ ውስጥ ስለሆነ የምታጡት ትንሽ ነው።

ምስሉ እየሄደ ድምፅ ከሌለ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የፍላሹ አይደለም። ድምፁ ዲቲኤስ በሚባለው ዓይነት ተቀምጧል፣ ቴሌቪዥኑ ደግሞ እሱን አያነብም። ኤኤሲ ወይም ኤሲ3 የሆነውን ጠይቁ፤ ካልተገኘ ላፕቶፕ ላይ ቪኤልሲ በተባለው ማጫወቻ ከፍታችሁ በኤችዲኤምአይ ገመድ አገናኙ። ፍላሹ ቦታ እያለው ፋይሉን እምቢ ካለ ፎርማቱ ፋት32 ነው፤ ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ ነጠላ ፋይል አይቀበልም። በሌላ በኩል 700 ሜጋባይት ላይ የተጨመቀ ፋይል አትውሰዱ፤ ጨለማውና በረዶው አራት ማዕዘን በአራት ማዕዘን ይሆናል። ሰብታይትሉ መጀመሪያ ላይ ገጥሞ እየቆየ የሚያፈነግጥ ከሆነ ወደፊትና ወደኋላ መግፋት ጥቅም የለውም። የተሠራው በሴኮንድ 25 ፍሬም ለሚሄድ ቅጂ ነው፣ የእናንተ 24 ገደማ ነው፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ ልዩነቱ ሁለት ደቂቃ ተኩል ይደርሳል። ሌላ ሰብታይትል ፈልጉ።

በአማርኛ ተራኪ የሚተረከውን ትርጉም ፊልም ለአክሽን እወደዋለሁ። ለሆረር ግን በፍጹም። ተራኪው የሚናገረው ዝምታው ላይ ነው፣ ዝምታው ደግሞ የፊልሙ ሥራ ነው።

ወደ ደረጃው ስመለስ፣ አራተኛ ዘ ሻይኒንግ (1980)። እዚህም ርዝመት ይታይ፦ 144 ደቂቃ የአሜሪካው ነው፣ 119 ዳይሬክተሩ ኩብሪክ ራሱ ለአውሮፓ ያሳጠረው። ረጅሙን ውሰዱ፣ የቤተሰቡ ጉዳይ የሚገባው በእሱ ነው። አምስተኛ ሳይኮ (1960)፤ በርናርድ ኸርማን በባለ ክር መሣሪያዎች ብቻ የሠራው ሙዚቃ ዛሬም ቆዳ ያስነሣል። ስድስተኛ የጃፓኑ ሪንጉ (1998)። መንፈስ የሆነችው ልጅ ያን ያህል ባዕድ ሆና የምትራመደው ተዋናይቷ ወደ ኋላ ስትሄድ ተቀርጾ ተገልብጦ ስለታየ ነው። የአሜሪካው ቅጂም ጥሩ ነው፣ ግን ብዙ ያብራራል።

ሰባተኛ የጆርጅ ሮሜሮ ናይት ኦፍ ዘ ሊቪንግ ዴድ (1968)። መሪ ተዋናዩ ዱዌን ጆንስ ጥቁር ነው፣ ያኔ ብርቅ ነበር፤ መጨረሻውም አሁን ድረስ ያማል። ርዕሱ ሲቀየር የመብት ማሳወቂያው በመቅረቱ ፊልሙ አሜሪካ ውስጥ የሕዝብ ንብረት ሆኗል፤ በነፃ ማውረድ የሚቻል ክላሲክ ነው።

መብራት ሲሄድ በላፕቶፕ ባትሪ ለማየት ደግሞ አጭሮቹን አስቀምጡ፦ ዘ ቴክሳስ ቼይንሶ ማሳከር (1974) 83 ደቂቃ፣ ሃሎዊን (1978) 91። ስሙ ያለውን ያህል ደም የሌለበት መሆኑ የመጀመሪያውን ይበልጥ አስፈሪ ያደርገዋል። የሃሎዊን ጭምብል ነጭ ቀለም የተቀባ፣ የስታር ትሬክ ገፀ ባሕርይ የሆነው የካፒቴን ከርክ ፊት ነው።

ኤ ኳየት ፕሌስን (2018) ከደረጃው ውስጥ ያላስገባሁት ሰፈሩን አይቼ ነው። ውሻ ሲንጫጫ፣ ከጫካው በኩል ጅብ ሲጮኽ፣ ክረምት ላይ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ያ ፊልም አይሰማም። በበጋ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ፣ በጆሮ ማዳመጫ ከሆነ እሺ። ኸረዲተሪም (2018) ያው ነው፤ በምላስ የሚደረገው ቀጭን «ጠቅ» ካመለጣችሁ ግማሹ አመለጣችሁ።

የብዙ ሰው ቅሬታ የሚመጣው ዘ ኮንጁሪንግ (2013) በመቅረቱ ነው። በጭብጨባ ድብብቆሽ የሚጫወቱበት ክፍል ግሩም ነው፣ አልክድም። ሌላው ግን ድንገት ማስደንገጥ ነው፤ ሁለተኛ ጊዜ ሲታይ የት እንደሚያስደነግጥ ስለሚታወቅ ይላላል። ዘ ኤክሶርሲስት ሁለተኛ ጊዜ ሲታይ ይበልጥ ይከብዳል።

ዘ ዲሰንት (2005) ስምንተኛ የሆነው ሙሉው ቅጂ ብቻ ነው። ዋሻ ውስጥ ስለገቡ ሴቶች የሚተርከው ይህ ፊልም ሁለት መጨረሻ አለው፤ ለአሜሪካ የተላከው የመጨረሻው አንድ ደቂቃ ገደማ ተቆርጦበታል። መኪናው ውስጥ ካለቀባችሁ የተቆረጠው ነው የተጫነላችሁ፤ መልሳችሁ የእንግሊዙን አስጭኑ።